የአንድ ብር ክብደት፦ የኑሮ ደረጃን በመግዛት አቅም ተመጣጣኝነት መለካት፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገበያ አንጻር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ፈቀደ። በዋዜማው 1 የአሜሪካ ዶላር በባንክ ከ57 ብር በጥቂቱ በላይ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የነፍስ ወከፍ ገቢያችንን በባንክ ምንዛሪ ወደ ዶላር የሚለውጥ ሰው በዚያ ክረምት ሒሳቡን ቢሠራ፣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በነሐሴ ወር ከገቢው ከአሥር እጅ አራቱን ያህል አጣ ብሎ ለመጻፍ በተገደደ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ሳምንት በጃቢ ጠህናን ወረዳ በቆሎውን ሲኮተኩት የነበረ ገበሬ ከጎተራው አንዲት ፍሬ አልጎደለችበትም። የማዳበሪያው፣ የቆርቆሮውና የመድኃኒቱ ዋጋ ወደ እርሱ የሚደርሰው በኋላ፣ በራሱ መንገድና በራሱ ፍጥነት ነው። ስለዚህ የባንኩ ሰሌዳ የሚነግረን የውጭ ምንዛሪን ዋጋ እንጂ የገበሬውን ኑሮ አይደለም። የዛሬው ንግግሬ የገበሬውን ኑሮ ስለሚለካው ሌላ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ምን ያህል እንደሚታመንም እንመረምራለን።

የዚህ ሚዛን ስም የመግዛት አቅም ተመጣጣኝነት ነው፤ በእንግሊዝኛው ምኅጻር ፒፒፒ ይባላል። ስሙን የሰጠው ጉስታቭ ካስል የተባለ ስዊድናዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሲሆን፣ ዘመኑም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ገንዘቦች ያናጋበት፣ 1918 እ.ኤ.አ. ነበር። ሐሳቡ ግን ለእኛ አገር ነጋዴ እንግዳ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም የባሶ ገበያ በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው የአሞሌ ጨው ብዛት፣ ጨው ከሚወጣበት ከአፋር በረሃ አቅራቢያ ከሚገኘው እጅግ ያነሰ ነበር። አሞሌው በራቀ ቁጥር ይከብዳል፤ ጠገራ ብሩ በዚያው መጠን ይቀላል። ብሩ ያው ብር፣ ብረቱም ያው ብረት ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን እንደ ቦታው ይለያያል። የሲራራ ነጋዴው ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር ሀብቱን የሚቆጥረው በያዘው ጠገራ ብዛት ብቻ ሳይሆን በደረሰበት ገበያ ሊገዛበት በሚችለው ጭነት ጭምር ነበር። ካስል ለጽንሰ ሐሳቡ ስምና ቀመር ሰጠው እንጂ ዕውቀቱስ በበቅሎ ጀርባ ላይ ሲጓዝ የኖረ ነው።

በዘመናችን ይህን ሥራ በዓለም ደረጃ የሚያከናውነው ዓለም አቀፍ የንጽጽር መርሐ ግብር ይባላል። በ1968 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታትና በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረ ሲሆን፣ ኧርቪንግ ክራቪስ፣ አለን ሄስተንና ሮበርት ሰመርስ መሠረቱን ጥለውታል፤ ዛሬ በዓለም ባንክ ይመራል። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በየአገሩ በዓይነትም በጥራትም የሚመሳሰሉ ሸቀጦችና አገልግሎቶች ተመርጠው ዋጋቸው ይሰበሰባል፤ ከዋጋዎቹ ንጽጽርም፣ በአሜሪካ 1 ዶላር የሚገዛውን ያህል በኢትዮጵያ ለመግዛት ስንት ብር ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይገኛል። በ2011 እ.ኤ.አ. ዙር ለኢትዮጵያ የወጣው መልስ ወደ 5 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት የባንኩ ምንዛሪ 17 ብር ገደማ ነበርና፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ገቢ በባንክ ምንዛሪ ሲሰላና በመግዛት አቅም ሲሰላ ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን በ1964 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው የሰጡት ማብራሪያ እስካሁን አገልግሎት ላይ ነው። ቆርቆሮና ሞባይል ድንበር ይሻገራሉ፤ ዋጋቸውም በዓለም ገበያ ይጠጋጋል። ፀጉር መቁረጥ ግን ድንበር አይሻገርም። የፍኖተ ሰላሙ ፀጉር አስተካካይ ከስቶክሆልሙ የሚያንስ ችሎታ የለውም፤ መቀሱም ያው መቀስ ነው። ነገር ግን በአገሩ ያለው የደመወዝ ደረጃ ዝቅተኛ ስለሆነ አገልግሎቱ ርካሽ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ርካሽ አገልግሎቶች በበዙበት አገር የባንክ ምንዛሪ የሕዝቡን ፍጆታ ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ይነግሯችኋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንድ አገር አንድ ቁጥር ሲሰጠው ቁጥሩ የማንን ገበያ ይወክላል? ጉዳዩን ወደ ቤታችን አምጥተን በሁለት ከተሞችና በሁለት ሸቀጦች እንሞክረው። አሁን የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ከገበያ የተወሰዱ ሳይሆኑ ለስሌት እንዲመቹ እኔ የመረጥኋቸው መሆናቸውን አስቀድሜ እናገራለሁ።

1 ኪሎ ጤፍ አዲስ አበባ 120 ብር፣ ፍኖተ ሰላም 90 ብር ይሁን። 1 የልብስ ሳሙና አዲስ አበባ 40 ብር፣ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ 50 ብር ይሁን። አዲስ አበቤው ቤተሰብ 20 ኪሎ ጤፍና 60 ሳሙና ይገዛል እንበል፤ ሳሙናውን ለፋብሪካ ሸቀጥ ሁሉ ወኪል አድርጋችሁ ቁጠሩት። ይህ ዘንቢል አዲስ አበባ 4,800 ብር ያወጣል። ያንኑ ዘንቢል ፍኖተ ሰላም ብንገዛው ስንት ያወጣል? ያው 4,800 ብር! እንግዲህ በአዲስ አበቤው ዘንቢል ከተመዘነ ሁለቱ ከተሞች በኑሮ ውድነት እኩል ናቸው። አሁን ደግሞ የፍኖተ ሰላሙን ቤተሰብ ዘንቢል እንውሰድ፤ 60 ኪሎ ጤፍና 10 ሳሙና። ፍኖተ ሰላም 5,900 ብር፣ አዲስ አበባ 7,600 ብር ያወጣል። በዚህኛው ዘንቢል የፍኖተ ሰላም 78 ብር ከአዲስ አበባ 100 ብር ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ዋጋው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዘንቢሉ ብቻ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ የሁለቱን ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ወስደው 88 ብር ይላሉ። አማካዩ በሒሳብ የተከበረ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን በ88 ብሩ ዘንቢል የሚኖር ቤተሰብ በሁለቱም ከተሞች አታገኙም።

በአንድ አገር ሁለት ከተሞች መካከል እንዲህ ከሆነ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በዚያ ላይ የጤፍ ችግር አለ። ንጽጽሩ እንዲሠራ ሸቀጡ በሁለቱም ወገን መገኘትም፣ የዕለት ፍጆታ መሆንም አለበት። ጤፍ ለእኛ የዕለት እንጀራ ነው፤ ለአብዛኛው ዓለም ግን የማይታወቅ እህል ነው። ታሽጎ የሚሸጥ የቁርስ እህል ደግሞ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ የሚገዛው ግን ከስንት አንድ ነው። የሚመሳሰለውን ከመረጥን የእኛን ኑሮ አይወክልም፤ የሚወክለውን ከመረጥን የሚመሳሰል አጣን። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው አንገስ ዲተን በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የጻፈ ሰው ነው። እኔም ተማሪዎቼ ሌላውን ቢተዉ እንኳ እርሱን እንዲያነቡ አጥብቄ እመክራለሁ። ኢኮኖሚስት የተባለው መጽሔት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሮችን ዋጋ በቢግ ማክ ሳንድዊች ያነጻጽራል፤ ማክዶናልድ በሌለበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ቀልድ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ከከተማው እንውጣ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የምዕራብ ጎጃም ዞን ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ነዋሪነቱ በገጠር ነበር። እንዲህ ያለ አንድ ቤተሰብ በዐይነ ሕሊናችሁ ሣሉ። አራት ቃዳ መሬት አለው፤ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ ያመርታል። በርበሬውን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን ይከፍላል። ቤቱን የሠራው ከራሱ ባሕር ዛፍና ከራሱ ጭቃ፣ በጎረቤት ደቦ ነው። ውኃውን ሚስቱና ሴት ልጁ ከምንጭ ይቀዳሉ፤ ማገዶው ኩበትና ጭራሮ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዋጋ የሚታወቅለት የትኛው ነው?

የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት የሚባለው የአገራችን ዋና የኑሮ ጥናት ገበሬው ከጓሮውና ከጎተራው የበላውን በአካባቢው ዋጋ ተምኖ ይመዘግባል። ይህ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የብሩ ድምር ወደ ዓለም አቀፍ ዶላር ሲለወጥ ነው፤ ምክንያቱም መለወጫው ቁጥር በአብዛኛው የተሠራው ከከተማ ሱቆችና ገበያዎች በተሰበሰበ ዋጋ ነው። በቆሎውን በገጠር ርካሽ ዋጋ ቆጥረን በከተማ ውድ ዋጋ ስናካፍለው ገበሬው የበላው እህል ከበላው ያነሰ ሆኖ ይታያል። በዚህ በኩል ሚዛኑ ገበሬውን ከሆነው በላይ ድኻ ያደርገዋል።

በሌላ በኩል ግን የሌለው ነገር ዋጋ የለውም። ሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት የሚደርስ አምቡላንስ በቀበሌው ከሌለ፣ የአምቡላንሱ አለመኖር በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ አይገባም። ከምንጭ ውኃ ለመቅዳት የሚፈሰው የሁለት ሰዓት ጉልበት ወጪ ተብሎ አይመዘገብም። የትምህርት አገልግሎት ደግሞ በገበያ ስለማይሸጥ በብዛት የሚለካው በመምህሩ ደመወዝ ነው፤ በአንድ ክፍል 70 ተማሪ የሚያስተምር መምህርና 20 ተማሪ የሚያስተምር መምህር የሰጡት አገልግሎት ይለያይ እንደሆነ ደመወዛቸው አይነግረንም። በዚህ በኩል ሚዛኑ ገበሬውን ከሆነው በላይ የተመቸው ያስመስለዋል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ሁለቱ ስሕተቶች ይቻቻላሉ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የመጀመሪያው ስሕተት በእህል ላይ፣ ሁለተኛው በጤናና በጉልበት ላይ ያረፈ ነው፤ በቆሎ ደግሞ የአምቡላንስ ምትክ አይሆንም።

ይህ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ ሦስት ቁጥሮች ልጥቀስ፤ ሦስቱም የ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የሚመለከቱ ናቸው። በአገሪቱ በራሷ የድህነት ወለል፣ ማለትም ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር፣ ድኻ የተባለው ሕዝብ 23.5 በመቶ ነበር፤ በገጠር 25.6፣ በከተማ 14.8 በመቶ። የዓለም ባንክ በ2011 ዋጋ በተሰላው የ1.90 ዶላር ወለል ሲለካው 31 በመቶ ገደማ ሆነ። ያው ባንክ በኋላ በ2017 ዋጋ ወደተሰላው የ2.15 ዶላር ወለል ሲሸጋገር ያው የ2008 ጥናት፣ ያው ቤተሰብ፣ ያው ማዕድ 27 በመቶ ገደማ ድኻ አስቆጠረ። በዚህ መካከል ከድህነት የወጣ አንድም ሰው አልነበረም፤ የወጣው አዲስ የዋጋ ሠንጠረዥ ነው። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወለሉ በ2021 ዋጋ 3 ዶላር ሆኗል። በ1990 እ.ኤ.አ. ታዋቂ የሆነው “በቀን 1 ዶላር” የሚለው አነጋገር እንግዲህ አምስት ጊዜ ልብስ ቀይሯል ማለት ይቻላል።

በቻይና የሆነውም ይታወቃል። በ2005 እ.ኤ.አ. ዙር የቻይና ዋጋ የተሰበሰበው በ11 ከተሞችና በአካባቢያቸው ብቻ ነበር። ውጤቱ ሲታተም የቻይና ኢኮኖሚ ቀድሞ ይገመት ከነበረው በ40 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ፤ የብዙ ሚሊዮን ገበሬዎች ድህነትም በወረቀት ላይ ጨመረ። ከዚያ በኋላ የዓለም ባንክ ለቻይና፣ ለህንድና ለኢንዶኔዢያ የገጠሩንና የከተማውን መለወጫ ለያይቶ ሲጠቀም ቆይቷል። ለኢትዮጵያ ግን ያለው መለወጫ አንድ ብቻ ነው። ገጠሩ ይህን ያህል ሰፊ በሆነበት አገር ይህ ለምን እንደሚታለፍ አሳማኝ ምክንያት አላየሁም።

በአገር ውስጥስ? በብሔራዊ የድህነት ትንተናችን በክልሎችና በገጠር-ከተማ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እንደሚስተካከል መመስከር ይገባል። ነገር ግን ናሙናው የተዘጋጀው ለክልል ደረጃ ነው። ለአማራ ክልል የ2008 አኀዝ 26.1 በመቶ ነው፤ ለምዕራብ ጎጃም፣ ለቡሬ ወይም ለጃቢ ጠህናን ብቻውን የሚቆም አኀዝ ከዚያ ናሙና አይወጣም። በዚህ ጊዜ የወረዳ ባለሥልጣን በጀት ሲደለድል፣ የእርዳታ ድርጅት ተጠቃሚ ሲመርጥ፣ የሚመራው በክልሉ አማካይ ወይም በዐይን ግምት ነው። ምዕራብ ጎጃም ደግሞ “ትርፍ አምራች” የሚል ማዕረግ ተሰጥቶታል። ማዕረጉ ስለ ኩንታል ይናገራል፤ በጥር በቆሎውን በርካሽ ሸጦ በነሐሴ ያንኑ በቆሎ በውድ ስለሚገዛው ገበሬ አይናገርም። ለዚያ ገበሬ የጥር ብርና የነሐሴ ብር ሁለት የተለያዩ ገንዘቦች ናቸው። መንገድ በተዘጋባቸው ባለፉት ዓመታትማ የወር ልዩነት ቀርቶ በሳምንት ውስጥ የጨውና የመድኃኒት ዋጋ ምን ያህል እንደሚዘል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የደመወዝን ነገር በአጭሩ ላንሣ፣ ምክንያቱም ከመካከላችሁ ብዙዎቹ መምህራን ናችሁ። የመምህራን የደመወዝ እርከን በመላው አገሪቱ ተመሳሳይ ነው። በቡሬ ያለ መምህርና በአዲስ አበባ ያለ መምህር በእርከኑ መሠረት እኩል ደመወዝ አላቸው፤ የቤት ኪራይ ሲታሰብ የቡሬው የተሻለ ነው፣ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር ሲመላለስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ማን እንደተጎዳ መናገር የሚቻለው ዘንቢሉ ከተዘረዘረ ብቻ ነው፤ እስካሁንም አልተዘረዘረም።

ስለዚህ ያቀረብሁት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ተማሪዎቻችን የገበያ ዋጋ ይሰብስቡ። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና ከዋናው መንገድ በራቁ ጥቂት የገጠር ገበያዎች፣ በየገበያው ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ። ዓመቱን ሙሉ ያልሁት በምክንያት ነው። በዐቢይ ጾም የወጣ መዝጋቢ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ የማይበላ ሕዝብ ያገኛል፤ በፋሲካ ማግስት የወጣው ደግሞ ሌላ ሕዝብ የጎበኘ ይመስለዋል። የ2003 እና የ2008 ብሔራዊ ጥናቶች አሥራ ሁለቱን ወር መሸፈናቸው ከቀደሙት የላቁ ያደረጋቸው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከዋጋው በፊት ግን መለኪያው ይቀድማል። በገጠር ገበያ ጤፍ በቁና፣ በርበሬ በጆንያ፣ ዘይት በጣሳ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ይሸጣሉ። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ጋር እኩል መሆኑን ሳያረጋግጥ ዋጋ የሚጽፍ ተማሪ የጻፈው ቁጥር አይጠቅምም። የመደብ ሽንኩርት ዋጋ ዓመቱን ሙሉ ሳይለወጥ መደቡ ራሱ ሊቀንስ ይችላል፤ ነጋዴዋ ዋጋ አልጨመረችም፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት ብቻ አነሣች። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን የተፈተሸ ሚዛን ይዞ ይወጣል፤ ቁናውንም መደቡንም በየወሩ ይመዝናል።

የቡሬ ቡድን ተጨማሪ ጥያቄ ይኖረዋል። በከተማዋ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አለ፤ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። በቡሬ የሚመረት ዘይት በቡሬ ችርቻሮ ሱቅ ከአዲስ አበባው ዋጋ ምን ያህል ይረክሳል? በከተማው ዳርቻ ካለ የገጠር ገበያስ? ልዩነት ከሌለ ለምን የለም? ይህን ለመመለስ ከዋሽንግተን የሚመጣ ሠንጠረዥ መጠበቅ አያስፈልግም።

መዝገቡ ከዋጋው ጎን ሦስት ዓምዶች እንዲኖሩት እፈልጋለሁ፦ ሸቀጡ በዚያ ቀን በገበያው ነበር ወይስ አልነበረም፤ ከሌለ ገዢዎች ምን ተኩ ወይስ ምን ያህል መንገድ ተጓዙ፤ ሻጩ ከየት ያመጣው ነው። “አልነበረም” የሚለው ቃል እንደ ዋጋ ሁሉ በጥንቃቄ ይመዘገባል፤ በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ባዶ ሆኖ የሚታለፈው ሕዋስ በእኛ መዝገብ ባዶ ሊሆን አይገባውም። የመጀመሪያው ቡድን ሥልጠና በመጪው ወሰነ ትምህርት ይጀመራል፤ ለመመዝገብ የምትፈልጉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በመግቢያው በር አጠገብ ስማችሁን አስመዝግቡ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።